ጅብ ሳይሄድ መጮኽ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሕግ ነው። ስለ ወጣ ሕግ ግን አይደለም፤ ገና ስላልወጣ ሕግ ነው። «ላልወጣ ሕግ ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። መልሱን በአንድ ከተማ ምሳሌ እንመልከት።

ሎስ አንጀለስ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛት የምትገኝ ትልቅ ከተማ ናት። ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። ከነዋሪዎቿ መካከል ወገኖቻችንም አሉ። በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤቶቻቸውና ሱቆቻቸው ያሉበትን ሰፈር የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል።

ይህ ምክር ቤት 15 አባላት አሉት። ደንብ የሚያወጣው ለከተማው ብቻ ነው። ለክፍለ ግዛቱ በሙሉ ሕግ የሚያወጣው በሳክራሜንቶ ከተማ የሚሰበሰበው ሸንጎ ነው። ሸንጎው ሁለት ቤት አለው፤ አንደኛው 80፣ ሁለተኛው ማለትም ሴኔቱ 40 አባላት አሉት። እዚያ የወጣ ሕግ ከተማውን ያዛል። ምክር ቤቱ ግን በዚያ ሸንጎ ድምፅ የለውም። ታዲያ ምን ያደርጋል? አቋም ይይዛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል «ይህን ረቂቅ እንደግፍ» ወይም «እንቃወም» የሚል የውሳኔ ሐሳብ በጽሑፍ ያቀርባል። ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ወደ ኮሚቴ ይመራል። ባለሙያዎች ረቂቁን አንብበው ለከተማው የሚያመጣውን ጥቅምና ጉዳት ይጽፋሉ። ኮሚቴው ይህን አይቶ፣ ሕዝቡንም ሰምቶ፣ ጉዳዩን ለሙሉው ምክር ቤት ያቀርባል። ምክር ቤቱ ከወሰነ በኋላ ወኪሎቹ «የከተማችን ቃል ይህ ነው» ብለው ለሸንጎው ያስታውቃሉ። ቃሉም «እንደግፋለን»፣ «እንቃወማለን»፣ ወይም «ይህ ካልተሻሻለ እንቃወማለን» ሊሆን ይችላል።

ይህ ቃል ትእዛዝ አይደለም። ሁለት ጊዜ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2019 በባቡር ጣቢያዎች አጠገብ ብዙ አፓርታማ እንዲሠራ የሚፈቅድ የሴኔት ረቂቅ ቁጥር 50 ቀርቦ ነበር። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ተቃወመው። ረቂቁ በ2020 መጀመሪያ ሴኔቱ ውስጥ ወደቀ፤ 21 ድምፅ ሲያስፈልገው ያገኘው 18 ብቻ ነበር። በ2025 ደግሞ ቁጥር 79 የተባለ፣ ሐሳቡ የሚቀራረብ ረቂቅ መጣ። ከዋና ዋና ጣቢያዎች አጠገብ እስከ 9 ፎቅ የሚደርስ ቤት ይፈቅዳል። ምክር ቤቱ 8 ለ5 በሆነ ድምፅ «ካልተሻሻለ እንቃወማለን» አለ። ረቂቁ ግን አለፈ፤ አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ፈረሙበት።

8 ለ5 የሚለውን ቁጥር ልብ እንበል። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ደጋፊዎቹ «ቤት ስላነሰ ነው ኪራይ ሰማይ የወጣው፤ ይሠራ» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ «ከተማው የራሱን ፕላን ራሱ ያውጣ፤ ድሃ ተከራይም ከቤቱ እንዳይፈናቀል» ይላሉ። ሁለቱም ወገን ስለ ሰው መጠለያ ነው የሚናገረው። ሳክራሜንቶ የደረሰው ግን አንድ ቃል ነው፤ እሱም የተነገረው በ5ቱም፣ በ8ቱም፣ በተከራዩም፣ በባለቤቱም ስም ነው።

ስለዚህ «ከተማው አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። «ቃሉ በስማችን ሲነገር እኛ የት ነበርን?» ማለትም ይገባል።

በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ፣ የብራውን ሕግ የሚባል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ምክር ቤቶችና ቋሚ ኮሚቴዎቻቸው ለመደበኛ ስብሰባ አጀንዳቸውን ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ ይለጥፋሉ። ሕዝቡም በአጀንዳው ላይ አስተያየት የመስጠት መብት አለው። 72 ሰዓት ማለት ሦስት ቀን ነው። በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባበት ግን ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው ነው። ሦስቱ ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሰው ነገሩ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሆንበታል።

በየትም ከተማ ብንኖር፣ የስብሰባ ማስታወቂያ ስናይ ሦስት ነገር እንፈልግ። አንደኛ፦ ረቂቁ ምን ይላል? ሁለተኛ፦ ማንን ይነካል? ሦስተኛ፦ እስከ መቼ መናገር ይቻላል? እነዚህን ለይተን ለጎረቤት እናንብብለት። ፊደል የቆጠርነው የወጣውን ሕግ ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የራሳችንን ቃል ለማስገባትም ጭምር ነው።