በሰፈሩበት ቁና
አናሎግን ወደ ዲጂታል ስለ መለወጥ፤ በሾኔ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር



በሾኔ ገበያ እህል ሲሰፈር የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው ሻጭዋ ስንት ጣሳ እንደ ቆጠረች ነው፤ ሁለተኛው ጣሳው ራሱ ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ቆጠራው ትክክል ሆኖ የጣሳው ግርጌ ወደ ውስጥ የተቀጠቀጠ እንደ ሆነ፣ ገዢው ተጎድቶ ይሄዳል። ዛሬ የምናገረው ስለ ማይክሮኮንትሮለር ቢሆንም፣ ነገሩ ከዚሁ የራቀ አይደለም።

ማይክሮኮንትሮለር የሚያውቀው ቁጥርን እንጂ ሙቀትን ወይም እርጥበትን አይደለም። ስለዚህ በውስጡ ያለው መለወጫ ከሴንሰሩ የመጣውን ቮልቴጅ ከማመሳከሪያ ቮልቴጅ ጋር አስተያይቶ በቁጥር ይሰፍረዋል። ብዙዎቻችን በምናውቀው ኤቲሜጋ 328ፒ ላይ መለወጫው ባለ 10 ቢት በመሆኑ፣ ማመሳከሪያው በ1024 እርከን ይከፈላል። ማመሳከሪያው 5 ቮልት ሲሆን አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ውስጣዊው 1.1 ቮልት ሲመረጥ ግን 1.07 ሚሊቮልት ገደማ ይሆናል።

ይህ ልዩነት የት ላይ ይጎዳል? በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀመረ። ከክትባቶቹ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መጠበቅ አለባቸው። እኔም ለአንድ ማቀዝቀዣ የሙቀት መከታተያ በሠራሁ ጊዜ፣ በየዲግሪው 10 ሚሊቮልት የሚሰጠውን ኤልኤም 35 ተጠቅሜ ማመሳከሪያውን ከኃይል አቅርቦቱ ወሰድኩ። መሣሪያዬ 7.8 ዲግሪ ሲል ቴርሞሜትሩ 8.3 አለ። አቅርቦቱን ብለካው 5 ሳይሆን 5.25 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ መለወጫውም 16 ብሎ በትክክል ቆጥሯል። እኔ ግን ጣሳው ማደጉን ሳላውቅ በድሮው ልክ አሰላሁ። ከወሰን ያለፈው ክትባት ደኅና ነው ተባለ ማለት ነው።

ከዚህ የተማርኩት የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ፣ እንደ ኤልኤም 35 የራሱን ቮልቴጅ ለሚሰጥ ሴንሰር የማይናወጥ ማመሳከሪያ ይመረጥ። ውስጣዊው 1.1 ቮልት ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው ከ1.0 እስከ 1.2 ሊለያይ ስለሚችል፣ በማመሳከሪያው እግር ላይ ተለክቶ እውነተኛው ልክ በፕሮግራሙ ይጻፍ። በአንጻሩ ከአቅርቦቱ በተከፈለ ቮልቴጅ ለሚሠራ ቴርሚስተር አቅርቦቱን ራሱን ማመሳከሪያ ማድረግ ይሻላል፤ ሁለቱ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ስሕተቱ ይጣፋል።

ሁለተኛ፣ የመለወጫው ሰዓት ምት ይስተካከል። ሙሉው 10 ቢት እንዲገኝ ምቱ ከ50 እስከ 200 ኪሎኸርዝ መሆን ይገባዋል። 16 ሜጋኸርዝ ለ128 ሲካፈል 125 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ 13 ምት የሚፈጀው አንዱ ልወጣም በ104 ማይክሮሰከንድ ያልቃል። አካፋዩ ሳይመደብ ቢቀር ግን ማካፈሉ በ2 ብቻ ስለሚሆን ውጤቱ አይታመንም።

ሦስተኛ፣ ማመሳከሪያው ከተለወጠ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ንባብ ይጣል። የሴንሰሩም የውፅዓት ተቃውሞ ከ10 ኪሎኦም ባይበልጥ መልካም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤልኤም 35 በተራው አሠራሩ ከ2 ዲግሪ በታች አይለካም። አንዳንድ ክትባት ደግሞ ከሙቀት ይልቅ በውርጭ ይበላሻል። ስለሆነም ቅዝቃዜውን ለመጠበቅ ሌላ ሴንሰር ያስፈልጋል፤ መለወጫውን የቱንም ያህል ብናስተካክል ሴንሰሩ ያላየውን አያሳየንም።

አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ። እኛ የምንሠራው መሣሪያ የሚሰፍረው በክንድ የታቀፈ ሕፃንን ደኅንነት ነው። እንግዲህ ቁጥሩን ከማመናችን በፊት ቁናውን እንመርምር።