ቢስክሌትና የቡና አገር መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በወላጆችና በመምህራን ፊት፣ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዛሬው በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል ሲሰጠን፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር የምንናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኛ የመረጥነው አርእስት ግን ቢስክሌት ነው። እንዳትስቁብን እንለምናለን፤ ብትስቁም ከሳቃችሁ በኋላ አዳምጡን። በዚህ ዓመት በቢስክሌት ምክንያት ከአንዳንድ ወላጆች ጋር ያልተስማማንበት ጉዳይ አለ፤ እርሱም ዛሬ ሁላችሁ በተሰበሰባችሁበት ካልተነገረ ሌላ ጊዜ የሚነገር አይመስለንም።

በታሪኩ ላይ ብዙ አንዘገይም። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ያወጣው መሣሪያ ከእንጨት የተበጀ፣ ፔዳል የሌለው፣ የተቀመጠበት ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሚሄድበት ነበር። ባለ ካቴናውና ሁለቱ መንኰራኵሮቹ የተመጣጠኑለት ቢስክሌት በእንግሊዝ አገር የታየው በ1885 ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጆን ቦይድ ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ጨመረበት። ወደ አገራችን ስንመለስም፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ፣ ከሯጮቻችን ጋር የቢስክሌት ተወዳዳሪዎችም እንደ ነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ገረመው ደንቦባ ከእነርሱ አንዱ ነበረ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ነገር ግን እኛ የምንናገርለት እሽቅድምድም አይደለም። ቀስ ብሎ፣ አካባቢን እየተመለከቱ፣ መኪና በሌለበት መንገድ መጓዝ ነው። በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ ክፍል፣ ከቦን ከተማ ተነሥቶ እስከ ሳንትኔ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በወይን እርሻ መካከል የሚያልፍ የቢስክሌት መንገድ አለ። ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ በዚያ ኮረብታ ለኮረብታ፣ ከመንደር ወደ መንደር ይሄዳሉ። በእኛ አካባቢ የወይን እርሻ የለም፤ የወይን ጠጅ ነገር ከተነሣም የእኛ አገር ጠጅ ከማር ነው። ኮረብታው ግን አለን፤ በወይኑም ፈንታ ቡና አለን። ታዲያ እነርሱ ያገኙትን እኛ ስለ ምን እናጣለን ብለን ተነሣን።

ከሚዛን ወደ በበቃ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ስትሆን በበቃ ከእርሷ ዝቅ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ ሲሄዱ ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ነው። ሌሊቱ እንደ ነጋ፣ ከጧቱ በ12 ሰዓት ብንነሣ፣ ጉሙ ገና ከሸለቆው ሳይለቅ ግማሹን መንገድ እንጨርሳለን። የእርሻው ስፋት ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። በውስጡ ለቡና መሰብሰቢያ የተቀደዱ ቀይ አፈር መንገዶች ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ። በለቀማ ወራት ትራክተርና ለቃሚ ይበዛባቸዋል፤ ለቀማው ካለፈ በኋላ ግን ከጥበቃዎቹ ፈቃድ ጠይቀን ስንገባ፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ የሞተር ድምፅ የሚባል አንሰማም። የምንሰማው የካቴናችንን ድምፅ፣ የወፎችን ዜማ፣ ከላይ ከጥላው ዛፍ ደግሞ የጉሬዛ ጩኸት ነው።

ከዚህ አገር ተወልደን የቡና አበባ ሽታ ምን ያህል እንደሚርቅ ያወቅነው በቢስክሌት ከሄድን በኋላ ነው ብንል አታምኑን ይሆናል። ቡና የሚያብበው ድርቁ በዝናብ ሲሰበር ሲሆን፣ አበባው ነጭ ሆኖ የሚቈየው ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ነው። በመኪና የሚያልፍ ሰው መስኮቱን ለአቧራው ዘግቶ ያልፈዋል። በእግሩ የሚሄደው ደግሞ ሸክም ስላለበት ቀና አይልም።

ወደ ቴፒ በኩል ስንሄድ ነገሩ ሌላ ነው። በሸኮ ወረዳ፣ በብርሃነ ኮንትር ደን ውስጥ፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ይገኛል። ኮሮሪማውና ጥምዙም በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ደን የሚበቅል ነው። በአንድ ጉዞአችን ላይ ዝናብ ይዞን ከአንድ ቤት ደጅ ስንጠለል፣ የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት «ልጆቼ፣ ግቡ እንጂ፤ በዚህ ብረት ላይ መብረቅ እንዳይወርድባችሁ» ብለው አስገቡንና ጨሞ አጠጡን። ጨሞ ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብል፣ ከበርበሬና ከሌላም ቅመም ጋር የሚፈላ ነው። ከመካከላችን ከተማ ያደጉት እንደ መድኃኒት ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት፤ ሁለተኛውን ሲኒ ግን ራሳቸው ጠየቁ።

እግረ መንገዳችንን የተማርነው አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በማጂ ይቀመጥ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ሪቻርድ ዌሊ፣ ከጌሻ አካባቢ ጫካ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከዚያ ወደ ታንዛንያ፣ በ1953 ደግሞ ወደ ኮስታ ሪካ ተሻገረ፤ በመጨረሻም ፓናማ ደርሶ በ2004 በዚያ አገር የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። ዛሬ የጌሻ ቡና በዓለም ገበያ በታላቅ ዋጋ ይሸጣል። እኛ ግን በትውልድ ቦታው አጠገብ አድገን ታሪኩን የሰማነው በቢስክሌት መንገድ ላይ ስናርፍ፣ ከመምህራችን አፍ ነው።

ስለ አደጋ ደግሞ ሳንናገር ብንቀር ወላጆችን ማታለል ይሆንብናል። ከአስፋልቱ ላይ አይሱዙ ቡና ጭኖ ሲወርድ ለቢስክሌት መንገድ አይለቅም፤ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ በአስፋልት ላይ የምንሄደው ጎን ለጎን ሳይሆን በአንድ መሥመር ነው፤ የጎን መንገድ እንዳገኘንም አስፋልቱን እንለቃለን። ከአይሱዙ የሚብሰው ግን የራሳችን ፍሬን ነው። ጎማው የታሰረበት ብረት በዝናብ ከራሰ ፍሬን ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ መለስ ቀለስ እያደረጉ በመያዝ ውኃውን ማድረቅ ያስፈልጋል። በጉዞአችን ላይ ጎሚስታ የለም። ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና ፓምፕ ሳይዝ የሚመጣውን ተማሪ አንወስድም። በሜዳ ላይ በቢስክሌት የሚሄድ ሰው፣ በእግሩ ከሚሄደው ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው ተብሎ ተጽፏል። ይህን የጻፈው ሰው የበበቃን ዳገት አላየውም። እኛ እዚያ ላይ ወርደን እንገፋለን፤ መግፋትም ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን።

በዚህ ዓመት ከእኛ ጋር መጓዝ ከጀመሩት ልጃገረዶች አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው ተከልክለው ቀሩ። ምክንያቱን ስንጠይቅ አንዱ «ሴት ልጅ በቢስክሌት ላይ እግሯን ከፍታ አትቀመጥም» አሉን፤ ሌላው «ትወድቅና ትሰበራለች» አሉ። ሁለተኛውን አሳብ እናከብራለን፤ ወንዶቹም ይወድቃሉ። የመጀመሪያውን ግን እንድታስቡበት እንለምናለን። ከመካከላችን አንዷ በየቀኑ ለመምጣት ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስም ሁለት ሰዓት በእግሯ ትጓዛለች። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለ ሆነ ከዚያም ይበልጣል። ቤቷ ስትደርስ ውኃ መቅዳት አለ፤ ጥናቱ የሚጀመረው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው። በ8ኛ ክፍል አብረዋት የነበሩት የመንደሯ ልጃገረዶች ዛሬ አንዳቸውም ከዚህ አዳራሽ የሉም። ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም። ከእነርሱ አንዷ በሒሳብ ከሁላችን ትበልጥ ነበር።

በሕንድ አገር፣ በቢሃር ክፍለ ሀገር፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የቢስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ሙራሊድሃራንና ፕራካሽ የተባሉ ሁለት የኤኮኖሚ ሊቃውንት በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ምክንያት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚመዘገቡት ልጃገረዶች በ32 በመቶ እንደ ጨመሩ፣ በወንዶችና በሴቶች መካከል የነበረውም ልዩነት በ40 በመቶ እንደ ጠበበ አሳይተዋል። ለውጡም በይበልጥ የታየው ትምህርት ቤቱ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። በዚያም አገር የሴት ልጅ ክብር የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አባቶቹም እንደ እናንተ አባቶች ናቸው።

ቢስክሌት ገንዘብ እንደሚፈጅ እናውቃለን። የቡና ዋጋ በወረደበት ዓመት ደብተር መግዛት እንኳ እንደሚከብድ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም፤ ከእኛም አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ቢስክሌት ግዙ አንልም። ትምህርት ቤቱ ካሉት ቢስክሌቶች መካከል አራቱ ተሰብረው ግምጃ ቤት ተቀምጠዋል። ርእሰ መምህራችን ከፈቀዱልን እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከፈተናው በኋላ ባለው ጊዜ እንጠግናቸዋለን፤ ለከመነዳሪና ለፍሬን የሚያስፈልገውንም ባለፈው ወር ማር ሸጠን አጠራቅመናል። ተጠግነው ሲያልቁ መንገዳቸው ለሚርቅ ልጃገረዶች በተራ እንዲሰጡ እንጠይቃለን። እኛ ከዚህ ዓመት በኋላ ከዚህ ግቢ እንወጣለን፤ ቢስክሌቶቹ ግን ይቀራሉ።

የመጨረሻው ጉዞአችን በሚመጣው ቅዳሜ ወደ በበቃ ነው። የምንነሣው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከጧቱ በ12 ሰዓት ነው። ሁለት መምህራን አብረውን ይሄዳሉ፤ ከምሳ በፊት ዳገቱን እንጀምራለን፤ ከመምሸቱም በፊት እንመለሳለን። ልጁን ወይም ልጅቱን ለመላክ የሚፈራ ወላጅ ካለ፣ ራሱ ቢመጣ አንድ ትርፍ ቢስክሌት ይዘናል፤ ኮርቻው ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ ፍሬኑ ደኅና ነው።