የቀዶ ሕክምናው መንገድና የዕጢው ጠባይ



ከግምጃ ቤት ወይም ከሌላው የአዊ ምድር ሆዷ ያበጠባት እኅት ወይም አክስት ወደ እንጅባራ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር በተላከች ጊዜ፣ ወረቀቷን የሚያነበውና ከሐኪም ጋር የሚነጋገረው ብዙውን ጊዜ እንደ እርስዎ ያለ በከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ በኦቫሪ፣ ይኸውም የሴት እንቁላል በሚፈራበት ክፍል ላይ የሚበቅል ዕጢ በምን መንገድ እንደሚወጣ ማወቅ ይገባዎታል።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1809 ዓ.ም. ማደንዘዣ ሳይታወቅ፣ ኤፍሬም ማክዳውል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም 10 ኪሎ ያህል የሚመዝን ዕጢ ከአንዲት ሴት ሆድ አወጣ። ሴትዮዋም ከ30 ዓመት በላይ በሕይወት ቆየች። በዚህም ሆዱ የተከፈተ ሰው አይተርፍም የሚለው እምነት ፈረሰ።

ዛሬ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሆድን በሰፊው መክፈት ነው፤ ሁለተኛው ላፓሮስኮፒ፣ ማለት በጥቃቅን ቀዳዳዎች መመልከቻና መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ነው። በሁለተኛው ሕመሙ ያንሳል፤ ታማሚዋም ቶሎ ትነሣለች። ይሁን እንጂ ምርጫውን የሚወስነው የዕጢው ጠባይ ነው።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ሽፋኑ ስስ፣ ውስጡም ውሃ ብቻ የሆነ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም፤ አንዳንዱም በራሱ ይጠፋል። መውጣት ካለበት በላፓሮስኮፒ ዕጢውን ብቻ ፈልፍሎ ኦቫሪውን ማትረፍ ይቻላል። ካንሰር የሚያጠራጥር ዕጢ ግን ሳይፈነዳ በሙሉው መውጣት አለበት፤ ከፈነዳ ሕዋሳቱ በሆድ ውስጥ ሊዘሩ፣ የበሽታውም ደረጃ ከፍ ሊል ይችላልና። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ሆድን በቁመቱ ከፍቶ ዙሪያውን ቢመረምር፣ ይህ ጥንቃቄ እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም።

እንግዲህ ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዕጢው ያጠራጥራልን? ልጅ ለመውለድ የምትሻ ከሆነች ማኅፀኗንና አንዱን ኦቫሪ ማትረፍ ይቻላልን? የወጣውስ ዕጢ ለፓቶሎጂ ምርመራ ይላካልን? መልሱንም ከእርሷ አይሰውሩ፤ ገላው የእርሷ ነውና ፈቃዱም የእርሷ ነው።

ድንገት ብርቱ የሆድ ቁርጠትና ትውከት ከመጣባት ግን ኦቫሪው ተጠምዝዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ያድርሷት።