በቤት ውስጥ የሚደርስ የሙጫ አደጋና የዓይን ጥበቃ
በዘንገና ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል



ዛሬ የምናገረው ከሱቅ በጥቂት ብር ስለሚገዛ ዕቃ ነው። ለአንድ የኬሚስትሪ መምህር ርዕሱ አነስተኛ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ሱፐር ግሉ የሌለበት ቤት እየጠፋ ነው። የተሰበረ ማንጠልጠያ፣ የተላቀቀ ጫማ፣ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ባልዲ ሁሉ የሚጠገነው በእርሱ ነው። ዕቃው በየቤቱ ሲገባ ስለ ባሕርዩ የሚያስረዳ ዕውቀት ግን አብሮት አልገባም።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። እኛ ሁሉንም «ሙጫ» እንላለን፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ በውሃ የሚሟሟና በዝግታ የሚደርቅ ነው። ጫማ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ ደግሞ በሚተን ፈሳሽ ውስጥ የሟሟ ስለሆነ ዓይንን ያቃጥላል፤ ትነቱም እሳት በቀላሉ ይይዘዋል። ሱፐር ግሉ ከሁለቱም ይለያል። ሳይንሳዊ ስሙ ሳያኖአክሪሌት ሲሆን የሚደርቀው ውሃ ሲያጣ ሳይሆን ውሃ ሲያገኝ ነው። በአየር ውስጥ ያለች ጥቂት እርጥበት እንኳ ጥቃቅን ሞለኪውሎቹን አያይዛ ረጅም ሰንሰለት፣ ማለትም ፖሊመር፣ እንዲሆኑ ታደርጋለች። እንባ ባለበት ዓይን ላይ ሲያርፍ ይኸው ሂደት በሰከንዶች ውስጥ ይፈጸማል።

የግኝቱ ታሪክም ይህንኑ ባሕርይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1942 ሃሪ ኩቨር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በኢስትማን ኮዳክ ኩባንያ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ንጥረ ነገሩን አገኘው፤ የነካውን ሁሉ እያጣበቀ ስላስቸገረው ግን ተወው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሥራ ባልደረባው ፍሬድ ጆይነር የብርሃን ስብራት መለኪያ መሣሪያ ሁለት ብርጭቆዎችን በእርሱ ሳቢያ አጣበቃቸው። ኩቨር የነገሩን ጥቅም የተረዳው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ቀረበ። የዚሁ ቤተሰብ አባላት ዛሬ በሕክምና ቁስል ለመዝጋት ያገለግላሉ፤ የዓይን ሐኪሞችም የተበሳ የዓይን ፊተኛ ሽፋን ለመድፈን ይጠቀሙባቸዋል። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለሚወገዝ ዕቃ ሳይሆን ስለ አያያዝ ነው።

ታዲያ ወደ ዓይን የሚገባው እንዴት ነው? ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው አከፋፈት ነው። አፉ የደረቀበትን ቲዩብ ወደ ፊታችን አቅርበን በመርፌ ስንወጋው ወይም በጥርስ ስንከፍተው፣ በጣትም ስንጫነው፣ የታመቀው ፈሳሽ በድንገት ይረጫል። ሁለተኛው የሕፃናት እጅ ነው። ሦስተኛውና በእኔ ግምት በእኛ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ደግሞ መሳሳት ነው፤ ሙጫውን የዓይን መድኃኒት አድርጎ መጠቀም። ይህ ዓይነቱ ስሕተት በዓለም የሕክምና ጽሑፎች በተደጋጋሚ ተመዝግቧል፤ የሁለቱ መያዣ በመጠንም በቅርጽም ይመሳሰላልና።

በእኛ አካባቢ የምልበት ምክንያት አለኝ። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዕይታ ማነስና የትራኮማ ጥናት እንዳሳየው ከሀገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ ነበር። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 62.6 በመቶዎቹ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በዘመቻ ከሚታደለው አዚትሮማይሲን ጋር የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም ወደየቤቱ ገብቷል። የዓይን ቅባት በትንሽ ቲዩብ መያዝ ለገጠሩ ቤተሰብ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ዕይታቸው የደከመ እናት በማታ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ከአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቲዩቦች ሲያገኙ በምን ይለዩአቸዋል? በሙጫው ላይ ያለው ጽሑፍ አማርኛም አዊኛም አይደለም።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ምን ይሆናል? ሽፋሽፍቶች ይጣበቃሉ፤ የዓይን ቆቦች ይዘጋሉ፤ የደረቀው ስባሪም ኮርኒያ የሚባለውን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን ይቧጭራል። ሕመሙ ብርቱ ነው። ቢሆንም ተገቢውን እርዳታ ያገኘ ዓይን በአብዛኛው ዘላቂ ጉዳት ሳይደርስበት ይድናል። ሙጫው በሕያው አካል ላይ ለዘለዓለም አይቆይም፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይለቃል። ስለዚህ ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚያደርገውና የማያደርገው ነገር ውጤቱን ይወስነዋል።

የሚደረገው ይህ ነው። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ዓይንን ማጠብ፤ ቆቡ ከተጣበቀ በላዩ ላይ ውሃውን ቀስ ብሎ ማፍሰስ፤ ከዚያም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ በስሱ ሸፍኖ፣ ቲዩቡን ይዞ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ባለሙያው የተጣበቁትን ሽፋሽፍቶች መቁረጥ ወይም ቅባት ማድረግ ይችላል፤ የኮርኒያውንም ጉዳት ይመረምራል።

የማይደረገው ደግሞ፦ ቆቡን በኃይል መክፈት፣ ዓይንን ማሸት፣ አሴቶን ወይም ሌላ ማሟሟያ ወደ ዓይን ማስጠጋት፣ የእናት ጡት ወተት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ መጨመር። አንድ ነገር ልጨምር። ያልደረቀ ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ በፍጥነት ይግላል፤ ቆዳ እስከ ማቃጠልም ይደርሳል። ስለዚህ የፈሰሰውን ሙጫ በጥጥ፣ በነጠላ ወይም በጋቢ ጫፍ ለመጥረግ የሚሮጥ እጅ ሌላ ጉዳት ሊጨምር ይችላል።

አሁን ወደ መከላከያው ልምጣ። የንባብ መነጽርም ሆነ የፀሐይ መነጽር ጎኑ ክፍት ስለሆነ የሚረጭ ፈሳሽን አያስቆምም። ለፈሳሽ የሚበጀው ፊት ላይ ገጥሞ የሚያርፍ መከላከያ መነጽር ነው፤ ለሚፈናጠር ስንጥር የጎን ሽፋን ያለው ይበቃል። ስትገዙ «ዜድ 87» ወይም «ኢኤን 166» የሚል የጥራት ደረጃ ምልክት ፈልጉ። ይኸው መነጽር ቀርከሃ ለሚሰነጥቁ የእንጅባራ ባለሙያዎች፣ እንጨት ለሚፈልጡ፣ ኖራና ሲሚንቶ ለሚያቦኩ ሁሉ ያገለግላል። ኖራና ሲሚንቶ ከሱፐር ግሉ ይልቅ ለዓይን አደገኛ መሆናቸውን አትርሱ፤ በውስጣቸው ያለው አልካሊ ወደ ዓይን ጠልቆ ይገባል፤ እጥበቱም ረዘም ያለ መሆን አለበት።

ተማሪዎች «ይህን የሚያስገድድ ሕግ የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አዋጁ ግን የሚጸናው የሥራ ውል ባለበት ነው። በራሱ ደጃፍ ቀርከሃ የሚሠራውን ባለሙያም ሆነ በቤቷ ጫማ የምትጠግነውን እናት አይደርስባቸውም። በቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ የለም። ያን ክፍተት የሚሞላው ትምህርት ነው፤ ይህም የእኛ የመምህራንና የተማሪዎች ድርሻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ዛሬ ማታ እያንዳንዳችሁ መደርደሪያችሁን ተመልከቱ፤ ሙጫና መድኃኒት አብረው ካሉ ለዩአቸው፤ ሙጫውን ሕፃናት በማይደርሱበት የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን በአማርኛና በአዊኛ አጭር ጽሑፍና የዓይን ሥዕል ያለበት ተለጣፊ ወረቀት አዘጋጅተው ለባለ ሱቆች ያድርሱ፤ ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉን ይረዳል። ሦስተኛ፣ የጤና ትምህርት ክፍላችን በአካባቢው ጤና ተቋማት የሚታዩ የዓይን አደጋዎችን በዓይነታቸው የሚመዘግብ ጥናት ይጀምር። ስንት ዓይን በሙጫ፣ ስንቱ በስንጥር፣ ስንቱ በኖራ እንደተጎዳ ስናውቅ ነው ትምህርቱን ወደሚያስፈልግበት ቦታ የምናደርሰው።

ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለታመመ ዓይን ይህ ረጅም መንገድ ነው። መንገዱን ከማሰብ በፊት ቲዩቡን ከመድኃኒቱ መለየት ከእያንዳንዳችን የሚጠይቀው የአንድ ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው።