የአንድ ኮምባይነር ወረፋ እንዴት ይያዝ?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላትና የመሠረታዊ ማኅበራት አመራሮች፣
የተከበራችሁ የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ተወካዮች፣



ዛሬ የማነሳው በየዓመቱ በኅዳር ወር የሚያነታርከንን የኮምባይነር ወረፋ ነው። ማሽኑ አንድ፣ የደረሰው ማሳ ግን ብዙ ነው። ጤዛው ሳይጠፋ ማጨድ ስለማይቻል የማሽኑ የሥራ ቀን የሚጀምረው ረፋድ ላይ ነው። ስንዴ ደግሞ ደርቆ ሲቆይ ይረግፋል፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመታው በዛላው ላይ ይበቅላል። የበቀለ ስንዴ ለዱቄትም ለዘርም አይሆንም።

እስካሁን የምንሠራው በምዝገባ ቅደም ተከተል ነው። ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን መዝገቡ ማን ቀድሞ ቢሮ እንደደረሰ እንጂ የማን ስንዴ እንደደረሰ አይናገርም።

ምሳሌ እንውሰድ። ኮምባይነሩ ኅዳር 11 ጠዋት ገባ እንበል። አንደኛው ተመዝጋቢ የ3 ቀን ሥራ አለው፤ ዝርያው ዘግይቶ የሚደርስ ስለሆነ እስከ ኅዳር 20 ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው የ1 ቀን ሥራ ነው፤ ከኅዳር 12 ማለፍ የለበትም። ሦስተኛው የ2 ቀን ሥራ ሆኖ የመጨረሻ ቀኑ ኅዳር 13 ነው። በምዝገባ ተራ ከሄድን አንደኛው ኅዳር 13 ያልቃል፤ ሁለተኛው ኅዳር 14፣ ሦስተኛው ኅዳር 16 ይሆናል። ሁለት አባወራዎች ተጎዱ ማለት ነው። የመጨረሻ ቀኑ የቀረበውን ብናስቀድም ግን ሁለተኛው ኅዳር 11፣ ሦስተኛው ኅዳር 13፣ አንደኛው ኅዳር 16 ያልቃል። ማንም አልዘገየም። ማሽኑም ያው፣ 6 ቀኑም ያው ነው።

ይህን ደንብ ጄ. አር. ጃክሰን የተባለ ተመራማሪ በ1955 እ.ኤ.አ. በስሌት አረጋግጦታል። ሥራው በዝቶ መዘግየት የግድ በሚሆንበት ጊዜም፣ ማሳዎቹ ሁሉ ለአጨዳ ከደረሱ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘገየው ሰው የሚዘገይበትን ቀን የሚያሳጥረው ይኸው ደንብ ነው።

ስለዚህ ስንመዘግብ ሁለት ቀን እንጠይቅ፤ ከመቼ ጀምሮ ሊታጨድ ይችላል? እስከ መቼስ ሊቆይ ይችላል? እርግጥ ሁሉም «የእኔ አስቸኳይ ነው» ማለቱ አይቀርም። በመሆኑም ኮሚቴው ከእኛ ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ማሳው ድረስ ሄዶ ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ ይወስን። ቀኑን ላራዘመ አባል ደግሞ ከኪራዩ በኩንታል ጥቂት ቢቀነስለት ተገቢ ነው እላለሁ፤ የጎረቤቱን እህል ያተረፈው እርሱ ነውና።

ለአመራሮቻችን በአክብሮት የማቀርበው ጥያቄ አለ። ወረፋው ከወጣ በኋላ ማሽኑን በስልክ ከቀበሌ ቀበሌ ማዘዝ ይቅር። በመሄድና በመመለስ የሚባክነው ቀን የሚቆረጠው ተራውን ከሚጠብቀው ገበሬ ነው።

በመጨረሻም፣ የአጨዳው ቀን በከፊል የሚወሰነው በዘር ወቅት ነው። በአንድ ኩታ ገጠም ውስጥ ሁላችንም አንድ ዝርያ በአንድ ሳምንት ከዘራን ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደርሳል፤ ያኔ የትኛውም ወረፋ አያድነንም። ስለዚህ የኮምባይነር ምዝገባው ከዘር አቅርቦቱ ጋር በሰኔ እንዲጀመር፣ በመዝገቡም ላይ ዝርያውና የተዘራበት ቀን እንዲሰፍር ሐሳብ አቀርባለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወያይበት እጠይቃለሁ።