ሐኪም አለቃ ሲሆን



ሐኪም በሽተኛውን መርምሮ መድኃኒት በሚያዝበት ጊዜ ቃሉን የሚከራከረው እምብዛም የለም። ሆስፒታል እንዲመራ በተሾመ ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። በጀቱ በአስተዳደሩ፣ መድኃኒቱ በአቅራቢው፣ ሥራው በአስታማሚዎቹ፣ እምነቱም በሕዝቡ እጅ ነውና ትእዛዝ ብቻውን አይበቃም።

ለዚህም ማስረጃ የሚሆነን በዛሬው ደቡብ ጎንደር በእብናት የደረሰው ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. በረኀቡ ዘመን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች በእብናት መጠለያ ተሰብስበው ነበር። በሚያዝያ ወር የአካባቢው ሹማምንት ሕዝቡ ወደየቀዬው እንዲመለስ አዘዙ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። የዘር ወቅት ደርሷል የሚለው ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ ገበሬ ክረምት ሳይገባ ማረስ አለበትና። ነገር ግን ከተሰናበቱት መካከል መንገዱን የማይችሉ ሕሙማን፣ ሕፃናትና ደካሞች ነበሩ። ኋላም መንግሥት አድራጎቱ ስሕተት እንደነበረ ተናገረ፤ የሞተውን ግን አልመለሰም።

እንግዲህ አስተዳዳሪው የእርሻውን ጊዜ ያውቃል፤ ማን መሄድ እንደሚችል የሚያውቀው ግን ሐኪሙ ነው። ሁለቱ አስቀድመው ቢመካከሩ ብርቱው ዘሩን ይዞ በሄደ፣ ደካማውም በቆየ ነበር።

ዛሬም ባለጉዳዩ በዝቷል። ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ለሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። መዋጮውን ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ገበሬ በሚመጣው ዓመት አይከፍልም፤ እርሱ ሲቀር የጤና ጣቢያውም ገቢ ይጎድላል።

ስለዚህ ሐኪም አለቃ ሦስት ነገር ይገባዋል። አንደኛ፣ ችግር ሳይደርስ የእያንዳንዱን ባለጉዳይ ድርሻና ሥጋት ይወቅ። ሁለተኛ፣ ለአስተዳደሩ ሲያመለክት በቍጥር ያስረዳ፤ ስንት ሕሙማን፣ ስንት አልጋ፣ ለስንት ቀን የሚበቃ መድኃኒት እንዳለ ይግለጥ። ሦስተኛ፣ በሌላው ሁሉ ቢስማማም በበሽተኛው ሕይወት ላይ አይደራደር። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ሐኪም ዝም ሲል ግን የሚቀረው የሰው ነፍስ ነው።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከገጠር ሐኪም ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ከመዝገብ ቍጥሩ በስተጀርባ በሽተኛ እንዳለ አስቡ፤ መልሱንም ለነገ አታሳድሩት።