በሰው አገር የሚታነጽ ትዳር

(በአትላንታ፣ በአጥቢያው የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



አንድ አጥቢያ የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የተገዛው መሬት፣ የታነጸው ሕንጻና የተከፈለው ዕዳ ይነሣል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ቤቶች ነበሩ፤ በቤቶቹም ውስጥ አዲስ ኑሮ የጀመሩ ባልና ሚስት ነበሩ። በውጭ አገር ካሉት አጥቢያዎች ብዙዎቹ የተጀመሩት በአንድ ሳሎን ውስጥ በተደረገ ጸሎትና በተጠጣ ጽዋ ነው። ስለዚህ ይህ ንግግር ስለ ሕንጻው ሳይሆን ስለ እነዚያ ቤቶች ነው።

ወደ አትላንታ የመጡት ባልና ሚስት ሁሉ በአንድ መንገድ አልመጡም። በደርግ ዘመን በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻግረው በስደተኞች ካምፕ የቆዩ፣ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ መሠረት የተቀበለቻቸው አሉ። ብዙ ስደተኞች በዲካልብ ካውንቲ በምትገኘው በክላርክስተን እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በዚያ ዋጋው የማይከብድ የኪራይ አፓርታማ ነበረ፤ መኪና ለሌለውም የማርታ አውቶቡስ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሕግ የዲቪን በር ከከፈተ በኋላ ደግሞ ዕጣ የወጣላቸው ትዳራቸውን ይዘው መጡ። ሌላው ቀድሞ መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ከአገር ቤት አግብቶ ሚስቱን አስመጣ፤ ባልዋን ያስመጣችም አለች።

መንገዳቸው ቢለያይም የገጠማቸው ነገር አንድ ነው። በአገር ቤት የአንድ ትዳር ሸክም በብዙ ምሰሶ ላይ ያርፋል። የነፍስ አባት እየመጡ ይጠይቃሉ፤ ሽማግሌዎች ጠቡ ሳይሰፋ ይሸመግላሉ፤ ጎረቤት ቡና ጠርታ ታስታርቃለች፤ ለአራስ ገንፎ የሚያገነፋ፣ ልጅ የሚይዝ አይጠፋም። ባልና ሚስቱ አውሮፕላን ሲሳፈሩ እነዚህ ምሰሶዎች በአገር ይቀራሉ። ሸክሙ ግን አብሮ ይሳፈራል፤ የቤት ኪራይ፣ አዲስ ቋንቋና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ይታከሉበታል። ብዙዎች ይሸከሙት የነበረው በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አትላንታ ይበራል፤ እናት ልጅዋን ልታርስ መምጣት ቀሏታል። እርስዋ ግን እንግዳ ናት፤ ጊዜዋ ሲያልቅ ትመለሳለች።

ሕንጻ የሚያውቅ ሰው ግድግዳ ተሰንጥቆ ሲያይ «ግድግዳው ደካማ ነው» ብሎ አይቸኩልም። አስቀድሞ ሸክሙ በምን ላይ እንዳረፈ ይመረምራል። የተሰነጠቀ ትዳርም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። «እርሱ ጠባዩ ተለወጠ»፣ «እርስዋ አሜሪካ ገብታ ናቀችው» ተብሎ ከመወራቱ በፊት «ከዚህ ቤት የጎደለው ምሰሶ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ የወንድም ተግባር ነው።

ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያናጋው ክፉ ጠባይ ሳይሆን የሥራ ሰዓት ነው። ባል በአየር ማረፊያ ወይም በፓርኪንግ ሲሠራ ያድራል፤ ሚስት ማለዳ ተነሥታ አረጋውያንን ወደምትንከባከብበት ትሄዳለች። በበሩ ላይ ሕፃኑንና የመኪናውን ቁልፍ ይቀባበላሉ። የሞግዚት ወጪ ይድናል፤ ሳምንቱ ግን ሳይነጋገሩ ያልፋል። ለወንድም በስውር የተላከ ገንዘብ፣ በችኮላ የተነገረ ቃል፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ ያድጋል።

ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ የመጣ ሲሆን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ቀድሞ የመጣው መንገዱን፣ ቋንቋውንና ባንኩን ያውቃል፤ በኋላ የመጣው በአገሩ መምህር ወይም ነጋዴ የነበረ ቢሆንም እንኳ ወተት ለመግዛት ሰው ይጠብቃል። ቀድሞ መምጣት ግን መንገድ መሪ ያደርጋል እንጂ ጌታ አያደርግም። መንጃ ፈቃድ እስክታወጣ ሚስቱን በትዕግሥት ያስተማረ ባል፣ ባልዋ ትምህርቱን እስኪፈጽም የታገሠች ሚስት፣ ቤታቸውን በእኩል ትከሻ አቁመዋል።

የእነዚህ ቤቶች ታሪክ በሐዋርያት ዘመን ምሳሌ አለው። አቂላና ጵርስቅላ የሮም ንጉሥ ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከከተማዋ እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ተሰድደው ወደ ቆሮንቶስ መጡ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበረ። ገና ራሳቸው እንግዶች ሳሉ ሐዋርያው ጳውሎስን በቤታቸው ተቀበሉ፤ አብሯቸውም ሠራ። በኋላ በኤፌሶን አጵሎስን ወስደው የጎደለውን አስተማሩት፤ ቤታቸውም የምእመናን መሰብሰቢያ ሆነ። በመጽሐፍ ስማቸው በተነሣበት ስፍራ ሁሉ ሁለቱ አብረው ይጠራሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው አልተጠራም። እነዚህ ስደተኞች ኑሯቸው እስኪደላደል በራቸውን አልዘጉም። በሩን በመክፈታቸው ቤታቸው በባዕድ አገር ብዙ ምሰሶ አገኘ።

ስለዚህ አዲስ ኑሮ የሚጀምሩ ባልና ሚስት ሦስት ነገሮችን ቢጠብቁ ይበጃቸዋል። በሳምንት አንድ ማዕድ ለኦቨርታይም የማይሸጥ ይሁን። ለሁለቱም ቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ በሁለቱ ምክር ይላክ። የነፍስ አባትንም ከጠብ በኋላ ሳይሆን ከጠብ በፊት ይያዙ።

ለአጥቢያውም ድርሻ አለው። ሠርግ ላይ ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ከሠርጉ በኋላ ያለው ሰኞ ግን ሰው ይፈልጋል። በዚህ ከተማ ብዙ ዓመት የቆዩ ባልና ሚስት አዲስ የመጡትን በመጀመሪያው ወር ቢጎበኙ፣ ሙሽራዪቱን ወደ ቋንቋ ትምህርት ቢያደርሱ፣ ለሁለት ሰዓት ሕፃን ቢይዙ፣ በአገር የቀረችውን ጎረቤት ይተካሉ። የመጪው የምሥረታ በዓል ቆጠራም ከሕንጻው ጋር እንዲህ የጸኑትን ቤቶች የሚያስብ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።